ወሰደ

«ቁልፉ የት ነበረ?» አለኝ መርማሪው፣ እስክሪብቶ ነክሶ።
«ከምስማሩ ላይ» አልኩ።
«ምስማሩስ?» አለኝ መልሶ።
«ከበሩ ጀርባ ነው፣ ካፖርቴ ከሚሰቀልበት።»
«ሳሎን ነው ወይ ጓዳ? ለይተህ ንገረኝ፣ ልዩነት አለበት፤
ሳሎን ከነበረ ቸልታ ይባላል፣ ካሳ የለህም፤
ጓዳ ከሆነ ግን…» ቀሪውን አልጨረሰውም።

ምን ልበል?
የጠባሴው ቤቴ፣ ከፋብሪካው ጀርባ፣ ባለ አንድ ክፍል ነው፤
ሳሎኑን ከጓዳ አንዲት መጋረጃ ናት የምትለየው፤
የደብረ ብርሃን ንፋስ በበሩ ስር ሲገባ
ጓዳው ሳሎን ይሆናል፣
መጋረጃዋ እስክትረጋ።

ሸዋንግዛው ነው። የሚስቴ ታናሽ፣ የአስካለ ወንድም፤
ሁለት ዓመት ሙሉ «ደብረ ሲና! ሮቢት!» ሲል ከዶልፊኔ በር አልወረደም፤
ሳንቲም አጉድሎብኝ አያውቅም፤
መንጃ ፈቃድ ግን የለውም።
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ እኔ እንቅልፌን ስለጥጥ፣
ጣርማ በር ደረሰ፣ ዋሻውን አለፈ፣ ቁልቁለቱን ሲያጋምጥ
ጉም ዋጠው።
ሦስተኛው ጥምዝ ላይ የአቶ ገብረየስ በቅሎ ቆማ ነበር።
ፎርሙ ላይ «ሦስተኛ ወገን» ተባለች።
መኪናዬ ከእርከን እርከን ወርዳ ገብስ ላይ በጎኗ ተኛች፤
የልጁ ትከሻ ተሰበረ።

«ለምን?» አልኩት ሆስፒታል፣ ቁጣዬን ይዤ።
«ጋሼ፣ ጉሙን ሁሌ የማየው በጎን ነው፣ በሩን ተደግፌ፤
አንድ ቀን ከፊት ለፊት ልየው ብዬ።»
ይህን የሚሞሉበት ሳጥን
ፎርሙ ላይ ፈልጌ አጣሁ።

መርማሪው ክፉ ሰው አይደለም። ድምፁን ዝቅ አርጎ፣
«ፈቅደህ ሰጥተኸው ከሆነ» አለኝ፣ «ውሉ ፈረሰ፣ ያለቀ ነገር ነው፤
ሰርቆህ ከሆነ ግን ይከፈልሃል፤
ከፖሊስ ወረቀት አምጣ። ሰረቀኝ በል። አንድ ቃል።»

አንድ ቃል!
የሦስት ዓመት ዕቁብ፣ የአስካለ ሐብል፣ ያባቴ የመሬት ድርሻ፣
ሁሉም በአንድ ቃል ሊመለስ፣ እኔ ብቻ አፌን ልከፍት።
ማታ ጣሪያውን እያየሁ ፊደል ቆጠርኩ፦
ሰረቀ ሦስት ፊደል፣ ወሰደ ሦስት ፊደል፤
የጋራቸው አንዲት ሰ ናት፣
አንዱ ከፊት ያቆማታል፣ አንዱ መሃል ይሸሽጋታል።

አስካለ አልለመነችኝም። ብትለምነኝ ይሻለኝ ነበር።
ትራፊክ የመለሰልኝን ቁልፍ ከጠረጴዛው አንስታ
ከመጋረጃው ወዲያ፣ ጓዳ፣ ትራሴ ስር አስቀመጠችው።
አላየችኝም።
ምን ማለቷ እንደሆነ ዛሬም አላወቅሁም።

ገብረየስ ከሁለት ሽማግሌ ጋር መጡ። ጋቢያቸው እንደረጠበ፣
«ኢንሹራንስ የምትለውን ሰውዬ አላውቀውም» አሉ፣
«እኔ የማውቀው አንተን ነው።
በሦስት ጊዜ ክፈለኝ። የመጀመሪያውን ለጥምቀት።»

ጣቢያ ሄድኩ።
«ሰረቀ?» አለኝ ሳጅኑ።
«ወሰደ።»
«ሳታውቅ?»
«ተኝቼ።»
«ታዲያ ሰረቀ እኮ ነው።»
«ወሰደ ብለህ ጻፍልኝ።»
«ወሰደ የሚባል ወንጀል የለም።»
«እንግዲያው ወንጀል የለም» ብዬ ተነሣሁ፤
እንደ ጀግና ግን አልወጣሁም፤ ደጃፉ ላይ ቆሜ
ልመለስ ብያለሁ፣ ሁለቴ። እጀታውንም ነክቻለሁ።

ደብዳቤው በወሩ መጣ፤ ማኅተሙ ደማቅ ነው፦
«ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም።»

ዶልፊኗ አሁን ግቢዬ ውስጥ ናት፣ ያለ ጎማ፣ በድንጋይ ቆማ፤
የጎረቤት ዶሮ የኋላ ወንበሯ ላይ ትጥላለች።
ዛሬ ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ ሸዋንግዛውን አየሁት፤
አንድ እጁ አንገቱ ላይ ታስሮ፣ በሌላው
የተሰነጠቀውን የፊት መስታወት ይወለውላል።
ልጮህበት ሄድኩ።
ጨርቁን ከእጁ ነጠቅሁ፤
ያልደረሰበትን ጥግ ጠረግሁለት።

የገብረየስ ሁለተኛ ክፍያ ለፋሲካ ነው።